ዋቅጅራ የፈጠረው ቤት

መምህር ዋቅጅራ ኢዶሳን የያዙት በኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው፤ ኮተቤ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ቆሞ እያየ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው ወደ ላንድሮቨሩ ሲገፉት «ምን አጠፋሁ?» አለ። መልሱ የጠመንጃ ሰደፍ ሆኖ ጎድኑ ላይ አረፈ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ መኪናው ርቆ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ሳምንት የቀበሌው ምክትል ሊቀ መንበር በወሰን መንገድ፣ ከአንድ ጋራዥ ደጅ፣ በጠራራ ፀሐይ በሽጉጥ ተገድሏል። ገዳዩ ሮጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባና ጠፋ። ዋቅጅራ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የታየ ሰው ነው። ሌላ ጥፋት የለበትም። በዚያ ዓመት ግን ለመሞት ይህም ይበቃ ነበር።

የወሰዱት ከየካ ሚካኤል ግርጌ ወደሚገኝ አንድ የተወረሰ ቪላ ነው። የቪላው ሳሎን ቢሮ፣ ጋራዡ እስር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደግሞ መመርመሪያ ሆኗል። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሲያስገቡት፣ ካኪ ለብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ብድግ ብሎ ተቀበለው።

«ጋሼ ዋቅጅራ፣ እንደምን አሉ?»

ዋቅጅራ ወዲያው ነበር ያወቀው። ከበበ ነው። ከአብዮቱ በፊት ቀን ቀን ጎሚስታ ቤት ሲሠራ ውሎ ማታ ማታ ዋቅጅራ ዘንድ አማርኛ ይማር የነበረው ከበበ። ጥቁር እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር የሚይዝ ተማሪ ነበር። ድርሰት ይወድ ነበር። ችግሩ ፍጻሜው ላይ ነው። የከበበ ሽፍታ ሰው ሲገድል፣ ከብት ሲነዳ፣ ቤት ሲያቃጥል ይቆይና መጨረሻው ላይ ድንገት አልቅሶ ይመንናል። ዋቅጅራ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበትና «ይህ ፍጻሜ ከሰማይ የወረደ ነው» ብሎ ይመልስለታል። አንድ ጊዜ ከበበ ተናዶ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ሳውልስ? በአንድ ብርሃን አይደል እንዴ ጳውሎስ የሆነው?»

ክፍሉ ሳቀ፤ የዋቅጅራ አባት ወንጌላዊ እንደ ነበሩ ሁሉም ያውቃልና። ዋቅጅራም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ እንዲህ አለው፦ «ሳውል ያን ብርሃን ከማየቱ በፊት እስጢፋኖስ ሲወገር የገዳዮቹን ልብስ ጠብቆ ቆሟል። ሰውዬው ሲሞት ያለውን በጆሮው ሰምቷል። ብርሃኑ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አንተም ሽፍታህን ልታስለቅሰው ከፈለግህ መጀመሪያ የሚያስለቅሰውን አሳየኝ።»

አሁን ከበበ ወንበሩን ለዋቅጅራ አላቀረበለትም። ዱቤን ጠቀሰው። ዱቤ የተባለው አንገተ ወፍራም ጠባቂ የዋቅጅራን እጆች ከጉልበቱ በታች አሰረና በጉልበቱ መታጠፊያ ረጅም ብትር ሰደደበት፤ ከሌላ ጠባቂ ጋር ሆኖም አንሥቶ በሁለት ጠረጴዛ መሐል አንጠለጠለው። ወፌ ላላ የሚሉት ይህ ነው። ጭንቅላቱ ቁልቁል ዞረ፤ ውስጥ እግሩ ወደ ጣራው ተገለበጠ።

«እንዲህ ሳገኝዎት ደስ ያለኝ እንዳይመስልዎት» አለ ከበበ። «ምክትሉን ማን ገደለው?»

«አላውቅም። ከበበ፣ ታውቀኛለህ እኮ!»

«ስለማውቅዎት ነው። ታሪክ አይቸግርዎትም።»

አፉ ውስጥ ቆሻሻ ጨርቅ ጎሰጎሱበት። የመጀመሪያው ግርፋት ሲያርፍ ዋቅጅራ እግሩ የተሰነጠቀ መሰለው። ሁለተኛው ሲያርፍ የመጀመሪያው ምንም እንዳልነበር ገባው። ዱቤ የሚገርፈው በተገመደ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ሳይቸኩል፣ ሳይናደድ። ደሙ ከእግሩ ወርዶ በባቱ፣ በጭኑ አልፎ አንገቱ ሥር ደረሰ። ጨርቁን ሲያወጡለት ወሬው አብሮ ወጣ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

ከበበ ወንበሩን ሳበና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደተዘቀዘቀው ፊት ዝቅ አደረገ።

«በምን?»

«በሽጉጥ።»

«ምን ዓይነት ሽጉጥ? ማን ሰጠዎት? ምክትሉ ምን በድሎዎት ነበር?»

«ጥቁር ሽጉጥ» አለ ዋቅጅራ።

«አዩ» አለ ከበበ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እርስዎ ዶሮ አርደው አያውቁም። ይህን እኔ ጽፌ ባመጣልዎ ከሰማይ የወረደ ብለው በቀይ ያሰምሩበት ነበር። ከቀበሌው በላይ ያሉት የከፍተኛው ሰዎችም እንደ እርስዎ ናቸው፤ የሚታመን ነገር አምጣ ነው የሚሉኝ። ዱቤ፣ ቀጥል።»

ጋራዡ ውስጥ ሲጥሉት መሸትሸት ብሏል። እስረኛው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው፤ አንዱ ሸሚዙን ቀዶ እግሩን ጠቀለለለት። አጠገቡ አንድ ወጣት በጀርባው ተንጋሎ ይቃትታል። ቱሉ ይባላል። ከመንደሩ ለሥራ የመጣ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ትናንት አሰሳ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲሮጥ አይቶ ሮጠ፤ ሆዱን በጥይት መቱት። ሐኪም የሚባል ነገር አላየም። በመዳፉ ሆዱን ደግፎ ይዞ በኦሮምኛ ውኃ ይለምናል። ዋቅጅራ በዚያው ቋንቋ «አይዞህ» ሲለው ዓይኑን ከፈተ።

«አንተን የሚገርፉህ ስለ ምክትል ሊቀ መንበሩ ነው?»

«አዎ።»

«በእኔ አሳብብ።»

«ምን?»

«እኔ አልገደልኩም። ግን ከዚህ በሕይወት አልወጣም። የሞተ ሰው አይገረፍም፤ በእኔ አሳብብና ተገላገል።»

ዋቅጅራ እምቢ አለ። ቱሉም ደግሞ አልለመነውም። ሊነጋጋ ሲል ሆዱን የያዘው የቱሉ እጅ ተንሸራተተ። ጠባቂዎቹ በእግሩ ጎትተው ሲያወጡት ጭንቅላቱ የጋራዡን ደፍ መታ፤ የዚያ ድምፅ ከዋቅጅራ ጆሮ ለብዙ ጊዜ አልወጣም።

ጠዋት ማጠቢያው ክፍል ሲመልሱት፣ ያ ያበጠ እግሩ ገና ብትሩ ላይ ሳይሰቀል ተናገረ። ገዳዩ ቱሉ ነው አለ። ምክትሉ የቱሉን ወንድም ባለፈው ክረምት አስገድሎበታል፤ ሽጉጡን የሰጠው አንድ የኅቡዕ ድርጅት ነው፤ በወሰን መንገድ ጋራዥ ደጅ የጠበቀው ምክትሉ በየቀኑ መኪናውን ለማሳየት እንደሚያልፍ ስላወቀ ነው። አንዱ ነገር ሌላውን እየወለደ ሄደ። ዋቅጅራ ሲናገር ራሱን ይሰማው ነበር፤ ታሪኩ ጥሩ ነበር። በዚያ ሥቃይ መሐል እንኳ ጥሩ መሆኑ ይታወቀው ነበር።

ከበበ አገጩን በመዳፉ ይዞ አዳመጠ።

«ይህ ታሪክ በእግሩ ይቆማል» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ከግድያው እስከ ተያዘበት ቀን የት ነበር? ስንይዘው ሸሚዙ ከደሙ በቀር ንጹሕ ነበር። አልራበውም ነበር። ያበላው፣ ያሳደረው ሰው አለ። ሽጉጡም እዚያ ነው።»

«እሱን አላውቅም።»

«ዱቤ።»

ይህኛውን ግርፋት ዋቅጅራ በኋላ ሲያስታውስ የሚመጣለት ሕመሙ አልነበረም፤ የወሰነበት ቅጽበት እንጂ። የማንንም ስም አልጠራም አለ ለራሱ። ሰው የሌለበት ቤት እሰጣቸዋለሁ። ሩቅ ይሁን፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከተማው አልቆ ገበሬ ማኅበሩ ከሚጀምርበት። እነዚህ ሰዎች ጫካውን ይፈራሉ፤ አይሄዱም።

«ከጋራው በላይ» አለ። «ባሕር ዛፉን ጨርሰህ ስትወጣ። ጣራው ፊት ለፊት ቆርቆሮ፣ ጀርባው ሳር የሆነ ቤት። በረቱ የድንጋይ ካብ። ደጁ ላይ ሁለት የኮሶ ዛፍ አለ።»

ግማሽ ቆርቆሮውን ለምን እንደጨመረ ያውቃል። ዐይን የሚይዘው ነገር ሲኖር ሰሚ ያምናል። ለስንት ዓመት ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ከበበ ፈገግ አለ። በማግሥቱ ጠዋት ዋቅጅራን ከጋራዡ አውጥተው ላንድሮቨሩ ላይ ሲጭኑት ገና አልገባውም ነበር። መኪናው በእንጦጦ በኩል ዞሮ ዳገቱን ሲይዝ ገባው።

«ከበበ፣ ለምን እኔን?»

«እዚያ ያሉት ሰዎች አማርኛ አይችሉም። እርስዎ ያስተረጉሙልኛል።»

መንገዱ ካለቀበት ዋቅጅራን ከአንድ እንጨት ነጋዴ በነጠቁት አህያ ላይ አስቀመጡት። ከበበ፣ ዱቤና አንድ ሌላ ጠባቂ በባሕር ዛፉ መሐል ወጡ። ዋቅጅራ በመንገድ ያየውን ቤት ሁሉ እየቃኘ ይጸልይ ነበር፤ አንዱ ሙሉ ሳር ነው፣ ተመስገን፤ አንዱ ሙሉ ቆርቆሮ ነው፣ ተመስገን። ጫካው አልቆ ሜዳው ሲከፈት፣ ገብሱ ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ከገብሱ ዳር አንድ ቤት ቆሟል። ፊቱ ቆርቆሮ፣ ጀርባው ሳር። ባለቤቶቹ ከቆርቆሮው ዘንድሮ ግማሹን ገዝተው ግማሹን ለከርሞ ያቆዩት ቤት ነው፤ በዚያ ጋራ ላይ እንዲህ የማያደርግ ጥቂት ነው። በረቱ የድንጋይ ካብ ነው። የኮሶ ዛፉ አንድ ብቻ ነበር።

«ሁለት ነበር ያልኩት!» አለ ዋቅጅራ። «ሁለት! ይህ አይደለም!»

«አንዱን ቆርጠውት ይሆናል» አለ ከበበ።

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አውድማውን በእበት ትለቀልቃለች። ጫልቱ ትባላለች። የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች፤ እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው። ጠመንጃዎቹን አይታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሰው አሳድራ እንደሆነ ይጠይቋት» አለ ከበበ።

ዋቅጅራ ጠየቃት። ጫልቱ ማንም እንዳልመጣ፣ ባሏ ሰቦቃ ደቦ ወጥቶ ከታች ያለውን ማሳ እያጨደ እንደሆነ ተናገረች። ዋቅጅራ ቃል በቃል ተረጎመ። ዱቤ ቤት ገብቶ ገንቦውን ሰበረ፣ ጎታውን ገለበጠ፣ መደቡን ቆፈረ። ሲወጣ የጥይት ዝናር ይዞ ነበር።

«የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነው ባሌ» አለች ጫልቱ። «ጠመንጃው ወንድሙ ኢቲቻ ዘንድ ነው፤ ተራ ይጠብቃሉ።»

ዋቅጅራ ይህንንም ተረጎመ። ከበበ ዝናሩን በእጁ መዘነው።

«ታሪክዎ በሁለት እግሩ ቆመልዎት።»

«ከበበ፣ ውሸት ነው። ቤቱን እኔ ፈጠርኩት። ቱሉም አልገደለም። ሁሉንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ከበበ ዝናሩን ዝቅ አደረገ። ዋቅጅራ ያን ተመለከተ፤ በዚያች አፍታም ተስፋ አደረገ። የተማሪዎቹን ድርሰት ሁሉ ሲያበላሽ ያየው ያ ተስፋ ነው የያዘው፦ ይህ ሰው አሁን ይነቃል፣ ጠመንጃውን ይጥላል። በከበበ ፊት ላይ የሚነቃ ነገር ፈለገ። ከበበ በዚያ ዓመት ስንት ሰው ሲሞት አጠገቡ ቆሟል። የቆመበት ሁሉ ግን አላለሰለሰውም፤ አደነደነው እንጂ።

«ትናንት ማታ ለከፍተኛው ነግሬያለሁ» አለ ከበበ። «በምክትሉ ቀብር ላይ በድምፅ ማጉያ የሚባለው ይኸው ነው። አሁን አልነበረም ልበላቸው? በእሷ ፋንታ እኔ ልንበርከክ?» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። «ንገራት አንተ! ፊቷን ወደ ካቡ አዙራ ትንበርከክ።»

ዱቤ ጠመንጃውን አቀባበለ።

ዋቅጅራ ከአህያው ላይ ሆኖ ጫልቱን አያት። ሴትየዋ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም፤ ከነዚህ ሰዎች መሐል የምትሰማው እሱን ብቻ ነው።

በኦሮምኛ፣ ድምፁን ሳይለውጥ እንዲህ አላት፦ «ሊገድሉሽ ነው። እኔ በውሸት ቤትሽን ጠቁሜ ነው። ወደ ካቡ ሂጂ፣ የምትንበረከኪ ምሰይ፤ ዘለሽ ከጀርባው ውረጂና ጩኺ።»

ጫልቱ ለአፍታ ያልገባት መሰለች። ከዚያ እበቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ካቡ ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ በእጇ ተመርኩዛ ወደ ማዶ ተወረወረች። የዱቤ ጥይት ድንጋዩን ፈለጠው። ከካቡ ጀርባ የተነሣው ኡኡታ ሜዳውን ሰንጥቆ ሄደ።

ከበበ ዞሮ ዋቅጅራን በሰደፍ ፊቱን ሲለው፣ ከአህያው ላይ ወድቆ ጥርሱን ከአፈር ጋር ተፋ። ከማሳው አጫጆቹ እየሮጡ ይመጣሉ። ከሁሉ የቀደመው ሰቦቃ ነው፤ ማጭዱን እንደያዘ፣ ሚስቱን በስሟ እየጠራ። ከበበ ተንበርክኮ አነጣጠረ። ዋቅጅራ በሆዱ ተስቦ ሁለቱን እጆቹን በከበበ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠመጠመ፤ ጎተተውም። የመጀመሪያው ጥይት ሰማይ ሄደ። ከበበ በሌላው እግሩ ጫማ የዋቅጅራን ጣቶች ረግጦ ሰበራቸው፤ ደግሞም ተኮሰ። ሰቦቃ ደረቱን ይዞ ጥቂት እንደ መሮጥ አለና ገብሱ ውስጥ በፊቱ ተደፋ።

ኢቲቻ አልቤን ጠመንጃውን ይዞ ከበረቱ ማዶ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። አንድ ጥይት ተኮሰ፤ ዱቤ አንገቱን ተመትቶ አውድማው ላይ ተዘረረ፤ አዲሱ ልቅላቂ ቀላ። ሦስተኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ጫካው ፈረጠጠ። ከበበ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ዋቅጅራን ዳሌው ላይ ተኮሰበት፤ «ተርጓሚ!» ብሎ ሰደበውና ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ገበሬዎቹ ተከተሉት፤ አልደረሱበትም።

ጫልቱ ባሏን ከገብሱ አንሥታ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ሰቦቃ አፉን ከፈተ፤ ቃል ሳይወጣው ሞተ። እሷም ብዙ አላለቀሰችም። ወደ ዋቅጅራ መጥታ ከላዩ ቆመች።

«ለምንድን ነው የእኔን ቤት?»

«አላውቅሽም። ቤቱን ያየሁት ዛሬ ነው። ማንም የማይኖርበት መስሎኝ ነው።»

«ቤት ነው እኮ ያልካቸው» አለች። «ቤት!»

ይቅር በይኝ አላት። በዚያች ሰዓት፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ አንድ ቃል ጠብቆ ነበር። ምራቋን አጠገቡ እንትፍ ብላ ሄደች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዚያው ቀን ተቀመጡ። አንዳንዱ እዚሁ ይገደል አለ። ኢቲቻ ግን «የወንድሜን ደም ያፈሰሰው ያ የሸሸው ነው፤ የዚህ እጅ ደግሞ የሸሸውን እግር ይዞ ሲሰበር እየሮጥኩ ስመጣ አይቻለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹም አልማሩትም፣ አልገደሉትም። ቀብሩ ላይ እንዳይቆም ከለከሉትና ቁስሉን በጨው ውኃ አጥበው፣ በቅሎ ላይ አስረው ወደ ሱሉልታ ሰደዱት። ጫልቱም ልጅ አልነበራትምና ወደ ኢቲቻ ቤት ተዛወረች።

ቀበሌው ምክትሉን ሲቀብር የዋቅጅራ ታሪክ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ቱሉ፣ ሽጉጡ፣ ቂሙ፣ ከጋራው በላይ ያለው ቤት። ሰዉ አመነ። የማይታመን ነገር አልነበረበትም። ከበበ ለጊዜው ተሾመ፤ ኋላ በመጣው ማጥራት የገዛ ጓዶቹ ወስደውት ወሬው ጠፋ። ዋቅጅራ ይህን ሲሰማ ደስታ ይመጣልኛል ብሎ ነበር፤ አልመጣም።

ሱሉልታ ውስጥ በሌላ ስም፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ለማይምነት ማጥፊያው ዘመቻ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠረ። ግራ እጁ በደንብ አይጨብጥም። በተከታዩ ኅዳር ማጭድ ተውሶ በጋራው በኩል ተሻገረና ከጫልቱ ማሳ ዳር ቆመ። ኢቲቻ ጫልቱን አየ፤ ጫልቱ ነዶዋን ማሰር ቀጠለች። ዋቅጅራ አጎንብሶ አጨደ። ሲመሽ ተነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ውሻ ለቀቀችበት፤ ውሻው ባቱን ዘነጠለው፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ አጨደ። ከዚያ ወዲያ ውሻውን አሰረችው። አጫጁ ሁሉ ሲበላ ለእሱ ለብቻው ቆሎ በትንሽ ሰፌድ የሚያኖርለት ኢቲቻ ነበር፤ እሷ ዞር ብላ አታየውም።

እንዲህ እያለ ሄደ። ዋቅጅራ ፀጉሩ ሸበተ። ጫልቱ ከኢቲቻ ቤት ወጥታ ወደ ራሷ ቤት ተመለሰች፤ ሳሩን አስነቅላ ቀሪውንም ቆርቆሮ አለበሰችው። አንድ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገብሱ እኩል አልደረሰም። ዋቅጅራ እንደ ልማዱ ከላይኛው ዳር ሊጀምር ሲያጎነብስ ከኋላው ድምፅ ሰማ። ጫልቱ ናት፤ መቀነቷን አጥብቃ፣ ማጭዷን ይዛ፣ ማሳውን እንጂ እሱን ሳታይ።

«የላይኛው ገና እሸት ነው» አለችው። «ከታች ጀምር።»

ከታች ጀመረ።